ዘበኛው ያልተናገረው ቃል

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ኅዳር ውስጥ ነው። በፖሊስነት ሠላሳ አንድ ዓመት ሳገለግል ያላየሁት የለም። ሬሳ አንስቻለሁ፣ ቢላዋ ተመዝዞብኛል፣ ከጣሪያ ላይ ወድቄ እግሬን ተሰብሬአለሁ። እንደዚያች ሴት ጥያቄ ግን ያስደነገጠኝ ነገር የለም። ለማንም ሳልናገር ወራት ቆየሁ። አሁን የምጽፈው ዝም ማለቱ እያደር ስለከበደኝ ነው።

ጡረታ የወጣሁት በኢንስፔክተርነት ማዕረግ ነው። አብዛኛውን ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በወንጀል ምርመራ ሥራ ላይ ነበር። ቤት መዋል በጀመርኩ ሰሞን፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ካለው ቤታችን በረንዳ ቁጭ ብዬ የሚገባ የሚወጣውን መኪና ታርጋ የመመዝገብ አመል አመጣሁ። ባለቤቴ እታገኝ ስትታዘበኝ ከርማ አንድ ቀን አንድ እሽግ ወረቀት ገዝታ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችልኝ።

"የጎረቤት ታርጋ ከምትመዘግብ በሥራህ ያየኸውን ጻፍ። እኔንም ተወኝ፣ ሰፈሩንም ተወው" አለችኝ።

ጻፍኩ። የመረመርኳቸውን ጉዳዮች እያስታወስኩ፣ የሰዎቹን ስም እየቀየርኩ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ አሥራ አራት ታሪክ ጨረስኩ። መጽሐፉ ታተመ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ ጉራ ቢጤ ጀማምሮኝ ነበር። ግቢያችን ውስጥ "ኢንስፔክተር" ይሉኝ የነበሩ ሰዎች "ደራሲው" ማለት ጀመሩ፤ እኔም ደስ አለኝ። የመጽሐፉ ጀርባ ላይ ፎቶዬን አስደርጌ፣ ከሥሩ የልደታ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ መሆኔን ሳይቀር አስጽፌአለሁ። ማን ጠይቆኝ እንደነበር እኔም አላውቅም።

ከአሥራ አራቱ ታሪኮች ሰው ሁሉ የሚያነሳልኝ አንዱን ነው፤ የዘበኛውን። አብነት አካባቢ የጨርቅ መጋዘን ይጠብቅ የነበረ ሰው ነው። የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ በሩ ላይ ይቀመጥና በኪሮሽ ነጭ ቆብ እየሠራ ይጠብቃል። አንድ ሌሊት መጋዘኑ ተዘረፈ፤ ዘበኛው ተያዘ። በመጽሐፉ ውስጥ ዘበኛው ለመርማሪው የሚሰጠው ቃል ሁለት ገጽ ሙሉ ነው።

"የሰባት ዓመት ልጄ ኩላሊቷን ታማ ቤት ውስጥ ስታቃስት፣ እኔ የሰው ጨርቅ አቧራ ሲጠጣ እየጠበቅኩ መቀመጥ አቃተኝ" ይላል። "በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። የልጄን መድኃኒት ሌላ በር ላይ ለምኜ አጥቻለሁ።"

ይህን አንብበው ያለቀሱ ሰዎች ስልክ ደውለውልኛል። አሳታሚዬም ባገኘኝ ቁጥር "እንደ ዘበኛው ያለ ታሪክ ሌላ የለህም ወይ?" ይለኝ ነበር።

ታዲያ ኅዳር ውስጥ አንድ ቅዳሜ ጠዋት እታገኝ ገበያ ሄዳ እኔ ብቻዬን ነበርኩ። በር ተንኳኳ። ስከፍት ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆናት፣ ሂጃብ የለበሰች ሴት መጽሐፌን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ከመጽሐፉ ጀርባ አድራሻዬን አይታ፣ የግቢውን ጥበቃ ጠይቃ መምጣቷን ነገረችኝ። ሊያስፈርሙኝ የሚመጡ ሰዎች ስላሉ አልገረመኝም። አስገባኋት፣ አስቀመጥኳት፣ መነጽሬን አደረግኩ፣ እስክሪብቶዬን አወጣሁ።

"ለማን ልበል የኔ ልጅ?" አልኳት።

"ለከድር ሸምሱ ብለው ይጻፉልኝ።"

"ለከድር" ብዬ ጻፍኩ። "ሸምሱ" የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። የዘበኛው እውነተኛ ስም ነው። መጽሐፉ ላይ ቀይሬዋለሁ፤ ከኔ በቀር የሚያውቀው የለም ብዬ ነበር።

"ልጁ ነኝ" አለችኝ። "ሰሚራ እባላለሁ። ኩላሊቷን የታመመችው እኔ ነኝ።"

ሰሚራ ከኛ ኮንዶሚኒየም አሥር ደቂቃ በማይርቅ ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት። አንዲት የሥራ ባልደረባዋ መጽሐፉን መምህራን ማረፊያ ክፍል ይዛው መጣች። በምሳ ሰዓት የዘበኛውን ታሪክ ጮክ ብላ ለሁሉም አነበበችላቸው። ሰሚራ ምሳዋን ይዛ እዚያው ተቀምጣ ነበር። አብነት ሲባል፣ መጋዘን ሲባል፣ ሳጥኑና ኪሮሹ ሲጠራ ማን እንደሆነ ገባት። አስተማሪዎቹ ከንፈራቸውን ሲመጥጡ እሷ የምግብ ዕቃዋን ዘግታ ወጣች።

"አባቴ ሦስት ዓመት ሲታሰር ሕፃን ነበርኩ" አለችኝ። "ከወጣ ጀምሮ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ 'አልሰረቅኩም' ይላል። እኔም አምኜው ነው ያደግኩት። እርስዎ መጽሐፍ ላይ ግን ለኔ ብሎ እንደሰረቀ በገዛ አፉ ተናግሯል።"

እስክሪብቶዬን ከድኜ አስቀመጥኩ።

"አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። አባቴ ይህን ቃል ተናግሮታል?"

"መዝገብ ላይ ያለ ቃል ነው" አልኳት።

"እሱን አልጠየቅኩም። በአፉ ተናግሮታል ወይ?"

"አዎ" አልኩ።

እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጠበቃ ሲያፋጥጠኝ፣ ዳኛ ሲጠይቀኝ የምመልሰው መልስ ነው፤ አፌ ለምዶታል። ሰሚራ ራሷን ነቀነቀች። ዕንባዋ አልመጣም። መጽሐፉን አንስታ "በኔ ምክንያት ነዋ" አለች ቀስ ብላ። ከዚያ አመሰግናለሁ ብላኝ ሄደች። አመሰገነችኝ እኮ!

በሩን ዘግቼ ተመለስኩ። ቁም ሣጥኑ ላይ የቆዩ የማስታወሻ ደብተሮቼን የማስቀምጥበት ካርቶን አለ። መጽሐፉን ስጽፍ ብዙዎቹን አገላብጫለሁ፤ የዘበኛውን ታሪክ ግን በቃሌ ስለማውቀው ደብተሩን ሳልከፍት ነበር የጻፍኩት። ያን ቀን አውርጄ ፈለግኩት። የገዛ እጅ ጽሑፌ እንዲህ ይላል፤ "ተጠርጣሪው ሦስተኛ ቀኑ። ቃል አልሰጠም። ልጁ መታመሟን ተናገረ። ውሃ ሰጠሁት።"

በቃ። ሌላ የለም።

አንባቢ እንዲገባው የሥራውን ጠባይ ላስረዳ። ሰው ቃሉን ሲሰጥ ተቆራርጦ ነው፤ ይጀምራል፣ ይተዋል፣ ያለቅሳል፣ ሌላ ያወራል። መርማሪው ያንን ሰብስቦ፣ አቃንቶ፣ ሰውዬው ራሱ እንደሚናገር አድርጎ "እኔ" እያለ ይጽፈዋል። መጨረሻው ላይ "የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ ትክክል መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜአለሁ" ተብሎ ይዘጋል። እኔ በዚህ የተመሰገንኩ ነበርኩ። አለቆቼ "ያንተ ቃል እንደ ታሪክ ይነበባል" ይሉኝ ነበር።

ደብተሩን ይዤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ያ ቀን ተመለሰልኝ። ከድር ያን ጊዜ አማርኛው ገና ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ቢጠየቅ ከ"አላውቅም" በቀር ያወጣው የለም። ባለመጋዘኑ በየቀኑ እየመጣ ይጮሃል። አለቃዬ መዝገቡ ዛሬውኑ ወደ ዓቃቤ ሕግ ይሂድ ብሎኛል። እኔም ወረቀቱን አቅርቤ ከድር ፊት ቁጭ አልኩ። ልጁ መታመሟን ሲነግረኝ "ለሷ ብለህ ነዋ?" አልኩት። እጆቹን ወደኔ ዘረጋ።

"ጻፍ ጌታዬ። የፈለግከውን ጻፍ። ልጄ ታማለች፣ ቤት ልሂድ" አለኝ።

ጻፍኩ። ሁለት ገጽ። ያዘንኩለትም መስሎኝ ነበር፤ ዳኛ ሲያነበው አንጀቱን እንዲበላው ብዬ አሳምሬ ጻፍኩት። አላነበብኩለትም። ጣቱን ይዤ ቀለሙ ላይ፣ ከዚያም ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩት። ከድር ሲፈርም ወደ ቤቱ የሚሄድ መስሎት ነበር። የሄደው ወህኒ ቤት ነው።

አንድ ቀን እጄን አንስቼበት አላውቅም። በዚህ ስኮራ ኖሬአለሁ።

መጽሐፉን ስጽፍ ውሸት እየጻፍኩ እንደሆነ ፈጽሞ አልመሰለኝም። እነዚያን ዓመታት ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው የጻፍኩት እንጂ የሰማሁት አልነበረም። የከድርን ድምፅ እንኳ ሳስታውስ በኔ አማርኛ ነበር የሚያወራው።

ያን ዕለት ተነስቼ ልጅቷን መፈለግ ነበረብኝ። አልፈለግኳትም። አንድ ቀን ነገ እላለሁ፣ ሌላ ቀን ስሜ ይጠፋል እላለሁ። እታገኝ "ምን ሆነሃል? ምግቡን ትተኸዋል" ብትለኝ ጨጓራዬን አሞኛል አልኳት። ዘጠኝ ቀን እንዲህ አለፈ። በአሥረኛው ቀን ትምህርት ቤት በሚለቀቅበት ሰዓት በሩ ላይ ሄጄ ቆምኩ። ደብተሩ ኮት ኪሴ ውስጥ ነበር።

ሰሚራ ስታየኝ ፊቷ ተለወጠ። ወደ ጎን ወስጄ ደብተሩን ከፍቼ ሰጠኋት። አነበበችው። ደግማ አነበበችው።

"ዋሽቼሻለሁ" አልኳት። "አባትሽ እንዲህ አላሉም። ላንቺም ብለው፣ ለሌላም ብለው ሰረቅኩ አላሉም። ያ ሁሉ የኔ ነው። መጽሐፉም ላይ፣ መዝገቡም ላይ።"

ትጮህብኛለች፣ ምናልባትም ትመታኛለች ብዬ ነበር፤ ብታደርገውም አልጠላም ነበር። እሷ ግን ደብተሩን እንደያዘች የትምህርት ቤቱን አጥር ተደገፈች።

"እርስዎ ቤት ከመጣሁ ጀምሮ ምን እንዳደረግኩ ያውቃሉ?" አለችኝ። "አባቴን ቀና ብዬ አላየሁትም። እራት አቀርብለታለሁ፣ ፊቴን አዞራለሁ። 'ምን አጠፋሁ ሰሚራ?' አለኝ ትናንትና። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።"

ይቅርታ የሚለው ቃል በጣም ትንሽ ሆነብኝ፤ ቢሆንም አልኩት።

"ለኔ አይበሉኝ" አለች። "ይምጡ፣ ለሱ ይንገሩት።"

ጌጃ ሰፈር ድረስ በእግራችን ሄድን። ቤታቸው አንዲት ክፍል ናት፤ ጋሽ ከድር ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጢማቸው ነጭ ሆኗል። እጃቸው ላይ ኪሮሹና የተጀመረ ቆብ ነበር። ቀና ብለው ሲያዩኝ ማንነቴን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ከወንበራቸው ብድግ አሉ። የተነሱት ለክብር ነው ወይስ ከድሮ ፍርሃት እስከ ዛሬ አልለየሁትም፤ ብቻ ያ አነሳስ ልቤን ሰበረው።

ያን ጊዜ "አንተ" ነበር የምላቸው። ያን ቀን "እርስዎ ይቀመጡ፣ እባክዎ" አልኩ።

ውስጥ ገብተን ሁሉንም ነገርኳቸው። መጽሐፍ መጻፌን አያውቁም ነበር፤ ሰሚራ ደብቃቸዋለች። እያቋረጡ አልጠየቁኝም። ስጨርስ "መጽሐፉ አለ?" አሉ። ሰሚራ ከቦርሳዋ አወጣችው።

"አንብብልኝ" አሉኝ። "ያን ቀን አላነበብክልኝም።"

ሰሚራ "አባዬ፣ ይቅርብህ" አለች። "ያንብብ" አሉ።

አነበብኩ። ሁለት ገጽ ናት፤ ሰው በተሰበሰበበት ስንት ጊዜ አንብቤአታለሁ፣ ተጨብጭቦልኛል። እዚያች ክፍል ውስጥ ግን ስንት ቦታ ቆምኩ። "መድኃኒት" የሚለው ላይ ድምፄ ጠፋ። ጋሽ ከድር አይናቸውን መሬት ላይ ተክለው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"ቆንጆ ነው" አሉ። ስድብ አልነበረም፤ ከልባቸው ነው። "እንዲህ አድርጌ መናገር ብችል ኖሮ መች እታሰር ነበር?"

እኔ አለቀስኩ። ደረቴን ይዤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አሮጌ ፖሊስ ሲያለቅስ ደስ የማይል ነገር ነው፤ ጋሽ ከድር እንኳ አፈሩልኝ መሰለኝ "ሻይ ስጪው" አሉ ለልጃቸው።

ትንሽ ሲረጋጋልኝ የፈለጉበት ቦታ ሄጄ እንደምመሰክር፣ ቃሉን የፈጠርኩት እኔ መሆኔን ጽፌ እንደምፈርም ነገርኳቸው። "ሦስቱን ዓመት ያመጣልኛል?" አሉኝ። አያመጣም። ሌላ አልጠየቁኝም፤ እኔም ከዚህ በላይ የማቀርብላቸው አልነበረኝም።

ከዚያ የመርማሪነት አመሌ ነው መሰለኝ፣ መጠየቅ የሌለብኝን ጠየቅኩ። "ያን ቀን ባዳምጥዎት ኖሮ ምን ይሉኝ ነበር? በዚያ ሌሊት ምን ሆኖ ነው?"

ጋሽ ከድር ወደ ሰሚራ ተመለከቱ። ጀርባዋን ሰጥታን ሻይ ትቀዳለች፤ እጇ ግን ቆሟል፣ እየሰማች ነው። አይናቸው እሷ ላይ ቆየ።

"ረሳሁት" አሉ። "ቆየ እኮ።"

የሰው ፊት ሳነብ ነው የኖርኩት፤ አልረሱትም። ልጃቸው እየሰማች የማይናገሩት ነገር እንደሆነ አወቅኩ። ሻዬን ጠጥቼ ተነሳሁ። ጋሽ ከድር በሩ ድረስ ሸኝተው እጄን ጨበጡኝ፤ ይቅር ይበሉኝ አይበሉኝ ግን አልነገሩኝም። አልጠየቅኳቸውም።

ሰሚራ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ። ልንለያይ ስንል ቆመች።

"አልረሳውም አይደል? እኔን ሲያየኝ አውቄአለሁ" አለች። "እርስዎ ብዙ ሰው መርምረዋል። ምን ይመስልዎታል? ምን ሊል ነበር?"

ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። መጽሐፉ ድጋሚ ሊታተም ሲል የዘበኛው ታሪክ ካልወጣ አልፈርምም ብዬ ከአሳታሚዬ ጋር ተኳርፈናል፤ "ሰው የሚገዛው ለሱ ብሎ ነው" ይለኛል። ለእታገኝ ነግሬአታለሁ፤ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ካርቶኑን አውርጄ ደብተሮቹን ከመጀመሪያው ጀምሮ እያነበብኩ ነው። እንደ ከድር ስንት ሰው "እኔ" ብሎ በኔ አፍ እንደተናገረ ለማወቅ ነው፤ ገና ግማሽ አልደረስኩም፣ እስካሁን ሦስት አግኝቻለሁ። ጎረቤቶቼ አሁንም "ደራሲው" ይሉኛል። ሲሉኝ ሰውነቴን ይቀፈኛል፤ ተዉ ብዬ ግን ምክንያቱን ማስረዳት አልቻልኩም።

ሰሚራ ስትጠይቀኝ ግን እዚያው አስፋልቱ ዳር፣ ታክሲ እየተጣራ፣ መልሱ ተሟልቶ መጥቶልኝ ነበር። ዘበኛ አባት፣ የታመመች ልጅ፣ ወደሷ ሲሮጥ ባዶውን የቀረ በር፤ ሲነገር እሷንም እኔንም የሚያስለቅስ ነበር። አፌን ከፈትኩ። እሷም ትጠብቃለች።

"አላውቅም" አልኳት።

ያን ጊዜ እዚያ ወረቀት ላይ መጻፍ የነበረብኝም ይህንኑ ነበር።